ባልትና፤ የአሬራ ዳቦ



አባቶቻችን «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ሲሉ የተናገሩት ስለ ወርቅ ብቻ አይደለም፤ ስለ ጓዳችንም ጭምር ነው። ዕለት ዕለት ከማየታችን የተነሣ ዋጋው የጠፋብን፣ እንግዳ ሲመጣ ወደ ማዕዘን የምንሸሽገው፣ ሲተርፍም የምናፈሰው ብዙ ነገር በየቤታችን አለ። ከነዚህም አንዱ ወተቱ ተንጦ ቅቤው ከወጣ በኋላ በመናጫው ውስጥ የሚቀረው አሬራ ነው። በዚህ ወር የባልትና ዓምዳችን ስለ አሬራና ከእርሱ ስለሚጋገረው ክብ ዳቦ ልንነግራችሁ አስበናል።

ነገሩን ያነሣንበት ምክንያት አለን። በከተማ ቤቶች እንግዳን በሻይ መቀበል የተለመደ ነው። ሻይም ብቻውን አይቀርብምና ከአጠገቡ የሚቀመጥ አንዳች የሚበላ ነገር ይፈለጋል። ከውጭ አገር የምግብ መጻሕፍት የሚማሩ የቤት እመቤቶች ለዚህ ከሚመርጡአቸው አንዱ ስኮን የሚባለው የእንግሊዞች የሻይ ዳቦ ነው። ስኮን መልካም ነገር ነውና አንነቅፈውም። ዳሩ ግን ለ450 ግራም ዱቄት እስከ 100 ግራም የሚደርስ ቅቤ፣ ደግሞም ስኳርና ወተት፣ አንዳንድ ጊዜም እንቁላል ይፈልጋል። ከገበያ ቅቤ ገዝታ የምትመለስ እናት ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ታውቀዋለች። ስለዚህ እንግዳ መቀበል ደስታ መሆኑ ቀርቶ ጭንቀት የሆነበት ቤት ጥቂት አይደለም።

እኛም ከዚህ ጭንቀት ነጻ አልነበርንም። ሌላውን ከመምከራችን በፊት የራሳችንን ጥፋት ብንናገር ይሻላል።

ከብዙ ዓመት በፊት፣ ትዳር በያዝን በሁለተኛው ዓመት፣ የገና ጾም ተፈትቶ ወተት በሚበዛበት ሰሞን፣ እናታችን ከገጠር ሊጠይቁን መጡ። ባዶ እጃቸውንም አልመጡም፤ ለጋ ቅቤ በቅጠል ጠቅልለው፣ ደግሞም በወይራ በታጠነ ቅል አሬራ ሞልተው፣ ቅሉን መንገዱን ሁሉ በጭናቸው ላይ እንደ ሕፃን ታቅፈው አመጡልን። በዚያው እሑድ አራት እንግዶች ለሻይ ጠርተን ነበር፤ ከነርሱም አንዷ በጎረቤታችን የምትኖር አየርላንዳዊት መምህርት ነበረች። እኛም ከመጽሐፍ እያነበብን ስኮን ለመጋገር ተነሣን። የእናታችንን ቅቤ ወስደን ከዱቄቱ ጋር አሸነው፤ አሬራውን ግን «ሽታው በእንግዳ ፊት ያሳፍረናል» ብለን ከጓዳው በስተኋላ፣ ከከሰሉ ከረጢት አጠገብ ሸሸግነው። እናታችን ይህን ሁሉ አይተዋል፤ ምንም አልተናገሩም።

ስኮኑ አልሆነም። ቅቤው በእጃችን ሙቀት ቀልጦ ከዱቄቱ ጋር ስለ ተዋሐደ፣ ከመጋገሪያው የወጣው ነገር እንደ ጫማ ሶል ጠፍጣፋና ከባድ ሆነ። እንግዶቹ ገብተው ተቀምጠዋል፤ ሻዩ ፈልቷል፤ የሚቀርብ ነገር ግን የለም። በጓዳው ውስጥ ቆመን ዕንባ ሲተናነቀን እናታችን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ አሬራው ምን በደለሽ?» አሉን። ከዚህ በላይ አንዲት ቃል አልጨመሩም። እኛም መልስ አልነበረንም።

ያቺ መምህርት ልትረዳን ወደ ጓዳ ስትገባ የቅሉ የወይራ ጢስ ሸተታትና ምን እንደ ሆነ ጠየቀች። እያፈርን ቅሉን አውጥተን በብርጭቆ ብንቀዳላት ቀመሰችው፤ ፊቷም በራ። በአገሯ አያቷ ያለዚህ ነገር ዳቦ ጋግረው እንደማያውቁ ነገረችን። ዱቄት፣ ጨው፣ ቤኪንግ ሶዳና ክዳን ያለው ወፍራም የብረት ድስት ለመነችን። ሊጡን በጥቂት ደቂቃ አዘጋጅታ በድስቱ ውስጥ ካኖረችው በኋላ ክዳኑን ገጥማ በላዩ ላይ ፍም ልታደርግ ስትል እናታችን ከተቀመጡበት ብድግ አሉና፣ «ይህስ ድፎ ነው!» ብለው ሣቁ። ከዚያ በኋላ እኛ አስተርጓሚዎች ሆንን እንጂ ሥራው የሁለቱ ነበር። አንዲቱ አማርኛ አታውቅም፤ ሌላይቱ እንግሊዝኛ አያውቁም፤ እሳቱን ግን ሁለቱም ያውቁት ነበር። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ትኩስ ዳቦ ከማርና ከተረፈው ቅቤ ጋር ለእንግዶቹ ቀረበ። ከቀረበውም ፍርፋሪ እንኳ አልተረፈም።

አሁን ስለ ዳቦው እንናገር። አየርላንድ ዝናብ የሚበዛባት ቀዝቃዛ አገር ስለ ሆነች በዚያ የሚበቅለው ስንዴ ለስላሳ ነው። ዱቄቱ የሚለጠጥበት ኃይል አነስተኛ በመሆኑ በእርሾ ብዙ ከፍ አይልም። በ19ኛው መቶ ዓመት ቤኪንግ ሶዳ በርካሽ ዋጋ በገበያ ሲገኝ የገበሬ ሚስቶች ከናጡት ወተት በየጊዜው የሚተርፈውን አሬራ ከሶዳው ጋር አገናኙት። በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል ሊጡን አድቦልብለው አጭር እግር ባለው ክዳናማ የብረት ድስት ይጋግሩት ነበር፤ ማገዶውም ከረግረግ መሬት እየተቆረጠ የሚደርቅ ነው። ፍሙን ከድስቱ ሥር ብቻ ሳይሆን ከክዳኑም ላይ ያኖሩ ነበር። በሰሜኑ ክፍል ደግሞ ጠፍጣፋ አድርገው ከአራት ቈርጠው በምጣድ በሚመስል የብረት ሰሌዳ ላይ ያበስሉታል። ቍራሹንም ፋርል ይሉታል፤ ትርጓሜው አራተኛ ክፍል ማለት ነው። ከአየርላንድ ማዶ ባለችው በስኮትላንድም ነገሩ ተመሳሳይ ነበር። ስኮን የሚለው ቃል በጽሕፈት ከተገኘ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1513 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሆን፣ የቀድሞው ስኮን በምጣድ የሚጋገር፣ ከአራት የሚቈረጥ ክብ ቂጣ እንጂ በቅቤና በስኳር የበለጸገ የሻይ ጌጥ አልነበረም። እንግዲህ የአሬራውን ዳቦ በስኮን ፈንታ የምታቀርብ እመቤት ከስኮን የሚያንስ ነገር አላቀረበችም፤ የስኮንን ታላቅ ወንድም አቀረበች እንጂ።

አሬራና ሶዳ ሲገናኙ የሚሆነው ነገር ይህ ነው። አሬራ የሚኮመጥጠው ወተቱ ሲረጋ በሚፈጠረው አሲድ ምክንያት ነው። ይህ አሲድ ሶዳውን ሲያገኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባል አየር ይወጣል፤ አየሩም በሊጡ ውስጥ አረፋ እየሠራ ከፍ ያደርገዋል። እርሾ ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራውን ሥራ ሶዳ በደቂቃዎች ይፈጽመዋል ማለት ነው። ነገር ግን ፍጥነቱ ራሱ ትእዛዝ አለው፤ አየሩ ሊጡ እንደ ተነካካ መውጣት ስለሚጀምር እሳቱ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ መጠበቅ አለበት እንጂ ሊጡ እሳትን ሊጠብቅ አይገባውም።

ይህን ባለማወቃችን እናታችን ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ብቻችንን ስንጋግር ሦስት ጥፋት አጠፋን። መጀመሪያ፣ «ይበልጥ እንዲነፋ» ብለን ሶዳውን በሾርባ ማንኪያ ሞልተን ጨመርን። ሁለተኛ፣ እንደ ድፎ ሊጥ በቡሃቃ ውስጥ እስኪያልበን ድረስ አቦካነው። ሦስተኛ፣ በጨርቅ ሸፍነን ለአንድ ሰዓት አሳደርነው። የወጣው ዳቦ መልኩ ቢጫ፣ ጣዕሙ ሳሙና ሳሙና የሚል፣ ጥንካሬው የድንጋይ ሆነ። የበዛው ሶዳ የሚያገናኘው አሲድ ስላጣ ሳሙና ሳሙና አሰኘው፤ ብዙ መታሸቱ ሊጡን እንደ ጠፍር አጠነከረው፤ መቆየቱም አየሩን አባከነበት። ለድፎ ምግባር የሆነው ትዕግሥት ለዚህኛው ጥፋት ነውና የሚጋግር ሁሉ ይህን ልብ ይበል።

ትክክለኛው አሠራር እንግዲህ እንደሚከተለው ነው። 450 ግራም ዱቄት ይመዘናል፤ ግማሹን ፉርኖ፣ ግማሹን ሳይነፋ የተፈጨ የቤት ስንዴ ብናደርገው ጣዕሙ ይበልጣል። ከእርሱ ጋር ልክክ ያለ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና ቤኪንግ ሶዳ በወንፊት ይነፋል። የሶዳው መጠን በቈላ አገር ልክክ ያለ አንድ የሻይ ማንኪያ ሲሆን፣ እንደ አዲስ አበባ ባለ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ግን ሦስት አራተኛው ይበቃል። ምክንያቱም በደጋ የአየሩ ክብደት ቀላል በመሆኑ በሊጡ ውስጥ ያለው አረፋ ይበልጥ ይነፋል፤ ሶዳው ከበዛ ዳቦው ቶሎ ተነፍቶ መካከሉ ይወድቃል። ደግሞም በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለ ሆነ ዳቦው ለመብሰል ጥቂት ደቂቃ ይጨምራል።

በዱቄቱ መካከል ጕድጓድ ተደርጎ መጀመሪያ 300 ሚሊ ሊትር አሬራ ይፈስሳል። ጣቶቻችንን ዘርግተን ከመካከል ወደ ዳር እያዞርን እናገናኘዋለን፤ ደረቅ ዱቄት ከቀረ እስከ 400 ሚሊ ሊትር ድረስ በጥቂት በጥቂቱ እንጨምራለን። የቤት አሬራ አንዱ ቀጭን አንዱ ወፍራም ስለ ሆነ ልኩን ከመስፈሪያው ይልቅ እጃችን ይነግረናል፤ ሊጡ ለስላሳ፣ እጅንም ጥቂት የሚይዝ ሊሆን ይገባዋል። ማቡካት አያስፈልግም። ዱቄት በተነሰነሰበት ሰሌዳ ላይ አንድ ሁለት ጊዜ አገላብጠን ሦስት ጣት ያህል ውፍረት ባለው ክብ እናደላድለዋለን። ከዚያም በስለታም ቢላዋ ከዳር እስከ ዳር ጠለቅ ያለ የመስቀል ምልክት እናደርግበታለን። መስቀሉ ሙቀት ወደ መካከል የሚገባበት መንገድ ነው፤ ከበሰለም በኋላ ዳቦው ያለ ቢላዋ ከአራት ይቈረሳል።

ኦቭን ያለው አስቀድሞ በ220 ዲግሪ አሙቆ 15 ደቂቃ፣ ከዚያም ወደ 200 ዝቅ አድርጎ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ይጋግረው። ኦቭን የሌለውም አይዘን፤ ወፍራም ድስትና ክዳኑ ይበቃሉ። ከሥር ፍሙ ሳሳ ያለ፣ ከላይ ግን ጠንከር ያለ ይሁን፤ አለዚያ ከሥሩ ያርራል። ከድስቱ ሥር ኮባ ቢነጠፍ እንደ ድፎአችን መዓዛ ይሰጠዋል። መብሰሉን ለማወቅ ዳቦውን ገልብጠን ጀርባውን በጣት እናንኳኳ፤ እንደ ባዶ ከበሮ ድምፅ ከሰጠ በስሏል።

በስኮን ፈንታ ትንንሽ ክቦች ለማቅረብ የሚፈልግ ሊጡን በሁለት ጣት ውፍረት ዘርግቶ አፉ ዱቄት በነካ ብርጭቆ ይቍረጠው። ብርጭቆውን ሳያሽከረክር ቀጥ አድርጎ ይጫን፤ ከተሽከረከረ ዳሩ ይጨፈለቅና አንድ ወገን ብቻ ይነፋል። በ220 ዲግሪ ከ15 እስከ 18 ደቂቃ ይበቃቸዋል። ይህን ሥራ ለልጆች ብንሰጥ መልካም ነው፤ የጋገሩትን ዳቦ የሚንቅ ልጅ አላየንም። በምጣድ የሚፈልግ ደግሞ ከሁለት ጣት ጥቂት አሳንሶ፣ ከአራት ቈርጦ፣ በለዘብተኛ እሳት በያንዳንዱ ጎን ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ያብስለው። ሁሉም በዕለቱ ቢበላ ይሻላል፤ ቅቤ የሌለበት ዳቦ ቶሎ ይደርቃልና። የተረፈው በማግሥቱ በምጣድ ሞቆ ወይም ፍርፍር ሆኖ ለቍርስ ይቀርባል።

አሬራ የማይገኝበት ቤት አይብ ሲወጣ የሚቀረውን አጓት ይጠቀም፤ ወይም ሁለት እጅ እርጎ ከአንድ እጅ ውሃ ጋር ይምታ። እነዚህም ከሌሉ በ250 ሚሊ ሊትር ወተት ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ አድርጎ አሥር ደቂቃ ቢያቆየው ይረጋለታል። በውጭ አገር የሚኖሩ ቤተሰቦቻችንም ባተርሚልክ በሚል ስም ከመደብር ያገኙታል። ቤኪንግ ፓውደር ግን ከሶዳ ጋር አንድ አይደለም፤ በውስጡ የራሱ አሲድ ያለበት ስለ ሆነ በሶዳው ልክ ቢጨመር ዳቦው አይነሣም። አንድ ነገር ደግሞ እንጨምር፤ ካልፈላ ወተት የተገኘ አሬራ በሽታ ሊያስተላልፍ ስለሚችል በተለይ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች እንዲሁ መስጠት አይገባም። በዳቦ ውስጥ ግን በደንብ ስለሚበስል ይህ ሥጋት ይወገዳል።

ይህ ዳቦ የፍስክ ዳቦ መሆኑን ማንም አይስተውም። አሬራ ከጥሉላት ነውና በረቡዕና በዓርብ፣ በዐቢይ ጾምም 55 ቀናት ሁሉ ቦታ የለውም። በጾም ወራት ግን ሻይም እንግዳም አይቀሩምና መላ ያስፈልጋል። በአሬራው ፈንታ 350 ሚሊ ሊትር ውሃና ሦስት የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ ለልስላሴውም አንድ ማንኪያ የሰሊጥ ወይም የኑግ ዘይት ይግባበት፤ ሶዳውም ሦስት አራተኛ የሻይ ማንኪያ ይሁን። ሎሚው የአሬራውን ሥራ ይሠራል። ጣዕሙ እንደ አሬራው አይሆንም፤ ከተልባ ወይም ከማርማላታ ጋር ሲቀርብ ግን የጾም ማዕድ የሚያሳፍር አይሆንም።

የእናታችን ጥያቄ እስከ ዛሬ ከጆሮአችን አልጠፋም። አሬራው አልበደለንም ነበር። የበደልነው እኛ ነን፤ በመጀመሪያ አሬራውን፣ ይበልጡንም ቅሉን ታቅፈው ያን ሁሉ መንገድ የመጡትን እናት። በእንግዳ ፊት ሽታው ያሳፍረናል ያልነው ነገር የገዛ ቤታችን ሽታ ነበር። ያን ቀን ማታ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ይቅርታ ስንለምናቸው እናታችን እጃቸውን በራሳችን ላይ አኑረው፣ «ቅሉን አጥበሽ አጥኝው፤ በሚመጣው ጊዜ ሞልቼ አመጣዋለሁ» አሉን። እንዳሉትም አደረጉ፤ ዕድሜአቸው እስከ ፈቀደ ድረስ ባዶ ቅል አላመጡም።

ዛሬ ቅሉ በቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ በየጊዜውም በወይራ እናጥነዋለን። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ዳቦው ሲቀርብ የቤቱ ታላቅ ባርኮ በመስቀሉ ምልክት ላይ ከአራት ይቈርሰዋል፤ እንግዳ ካለ የመጀመሪያው ቍራሽ የእንግዳው ነው። ልጆቻችን ዳቦው ከአየርላንድ የመጣ ነው ወይስ የአያታችን ነው እያሉ ይከራከራሉ። እኛም ሁለቱንም እውነት ነው እንላቸዋለን።

ስለዚህ ውድ እኅቶቻችን ሆይ፤ በሚመጣው ጊዜ ከገጠር ዘመድ ቅል ይዞ ቢመጣ ቅሉን ከከሰሉ ከረጢት አጠገብ አታኑሩት። ከጠረጴዛው ላይ አኑሩትና ዱቄት አቅርቡ። ያመጣውም ሰው ከአጠገቡ ይቀመጥ።

ለዚህ ወር በዚሁ ይብቃን። የወር ሰው ይበለን።